ጌም ኦፍ ትሮንስን ደሴ ላይ ቁጭ ብሎ መቀባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። ጠረጴዛው መሃል የእርሳስ ክምር አለ። ሁለታችን የዚሁ የደሴ ሙጋድ ሰፈር ሰዎች ነን። አንዷ ከፒያሳ ትመጣለች። አንድ ወጣት ደግሞ በሚኒባስ ከኮምቦልቻ ይወጣል። ከጌም ኦፍ ትሮንስ የቀለም መጽሐፍ ላይ ድራጎን እንቀባለን፣ ግንብ እንቀባለን፣ ተኩላ እንቀባለን። የጨረስነውን ፎቶ አንስቼ ባጋራሁ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። መልሱን አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

ይሄ መጽሐፍ ምንድን ነው? ቀለም መቀባት የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?

ሥዕሉ የታተመው በጥቁር መስመር ብቻ ነው። ቀለሙን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። እስከዚህ ድረስ ከልጆቹ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የመስመሩ ብዛትና ደቃቅነት ላይ ነው። የልጆች መጽሐፍ ላይ አንዲት ላም በአሥር መስመር ታልቃለች። እዚህ የአንድ ድራጎን አንገት ብቻ አንድ ከሰዓት ይፈጃል።

ለትልልቅ ሰዎች የተዘጋጀ የቀለም መጽሐፍ ድሮም ነበር። ገበያውን ያጥለቀለቀው ግን ጆሃና ባስፎርድ የምትባል ስኮትላንዳዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2013 የአትክልት ሥፍራ ሥዕሎቿን በመጽሐፍ ካወጣች በኋላ ነው። በ2016 ፋበር ካስቴል የሚባለው የጀርመን እርሳስ አምራች ፍላጎቱን ለማሟላት ተጨማሪ ፈረቃ እስከ ማስገባት ደርሶ ነበር።

በዚሁ መሃል ታዋቂ ልብ ወለዶችም የየራሳቸውን የቀለም መጽሐፍ ማውጣት ጀመሩ። የጌም ኦፍ ትሮንስ ታሪክ የመጣው ከደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ልብ ወለድ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከ2011 እስከ 2019 በ73 ክፍሎች በታየው የቴሌቪዥን ድራማ ነው። የቀለም መጽሐፉ በ2015 ወጣ። ከ45 በላይ ሥዕሎች አሉት። ከሠሩት አምስት ሠዓሊዎች አንዱ ጆን ሃው ነው። ይሄኛው የተሣለው ከልብ ወለዱ ስለሆነ የተዋንያኑን መልክ አትፈልጉበት። በድራማው ላይ የተመሠረተ ሌላም መጽሐፍ አለ። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም ስለ እሱ ነው።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እርሳስና ላጲስ ይዤ ስቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?

ያሻውን ይበል። ጥልፍ ይዛ የምትውልን ሴት ማንም «ምን እያደረግሽ ነው?» አይላትም። ዳማ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችን ማንም አይታዘባቸውም። ይሄም የእጅ ሥራ ነው።

አንድ ቀን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጡ። አንበሳ እየቀባሁ ነበር። ሁለተኛውን ስኒ እስኪጨርሱ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቢጫውን እርሳስ አነሡ። ጎፈሩን አንድ በአንድ፣ ፀጉሩ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከሥር ወደ ጫፍ እየሳቡ መሙላት ጀመሩ። ማንም አላሳያቸውም። «ይሄማ ጥልፍ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በወጣትነታቸው የትራስ ጨርቅ ሲጠልፉ ክሩን የሚያስኬዱት እንደዚያ ነበር። እኔ ያን ዘዴ ከእሳቸው ነው የተማርኩት። እስከዚያ ድረስ ጎፈሩን እንደ ግድግዳ ነበር የምቀባው።

መስመር ተሠርቶ ውስጡ በቀለም መሞላቱስ ለእኛ አገር እንግዳ ነው? ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት ባለ ሥዕል ወንጌል የዚያ ሀብት ነው። የብራና ሥዕሎቻችንን ልብ ብላችሁ እዩ። ቅርጹ በጥቁር መስመር ተከቧል፤ ውስጡ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው። ትልልቅ ሰዎች፣ ያውም መነኮሳት፣ ጎንበስ ብለው የሠሩት ሥራ ነው። እኔ እርሳሴን ከእነሱ ቀለም ጋር እኩል አላደርግም። ግን በእጅ፣ በዝግታ፣ መስመር አክብሮ መሥራት የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ከእነሱ ተምሬአለሁ።

ጭንቀት ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ 84 የኮሌጅ ተማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። መጀመሪያ እንዲጨነቁ ተደረገ። ከዚያ አንዳንዶቹ ውስብስብ ክብ ቅርጽ፣ አንዳንዶቹ ባለ መስመርና ባለ አራት ማዕዘን ንድፍ፣ ሌሎቹ ደግሞ ባዶ ወረቀት ተሰጣቸውና ቀለም ቀቡ። ንድፍ የተሰጣቸው ከባዶ ወረቀቱ ቡድን ይልቅ ጭንቀታቸው ቀነሰ። ባዶ ወረቀት ላይ «ምን ልሣል?» የሚል ሌላ ጭንቀት አለ። እዚህ ግን መስመሩ ተሰጥቷችኋል። የቀራችሁ «ይሄ ምን ይሁን?» የሚል ትንሽ ጥያቄ ነው።

ከእኔ ሕይወት ልጨምር። ደሴ በ2014 ዓ.ም. ያሳለፈችውን እናንተም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት እንቅልፌ ስስ ነበር። ኮሽ ባለ ቁጥር እነቃለሁ። ማታ ማታ አንድ የበረዶ ግንብ መቀባት ጀመርኩ። ጡብ በጡብ። አንዱን ጡብ ሰማያዊ፣ ቀጣዩን ትንሽ ፈዘዝ ያለ። እጄ ሥራ ሲይዝ ጆሮዬ ደጁን መጠበቅ ያቆማል። ይሄን ነው የማውቀው። ግን መድኃኒት አይደለም። እንቅልፍ ከነጭራሹ እምቢ ካላችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። እርሳሱ ስትመለሱም ይጠብቃችኋል።

ድራማውን አላየሁም። መቀባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከእኛ መሃል አንዷ አንድም ክፍል አላየችም፤ ከሁላችን የሚያምረውን ድራጎን የሠራችው እሷ ናት።

ከየት ይገኛል?

የእኔ ዱባይ ያለች እህቴ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ነው የመጣው። ዘመድ ሲመጣ ማስመጣት ዋናው መንገድ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስታዝዙ ሁለት ነገር ንገሯቸው፦ ሽፋኑ እንዳይጣጠፍ ልብስ መሃል ይደረግ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ሽቶ አጠገብ አይቀመጥ። ጓደኛዬ መጽሐፉ የደረሳት የሻምፖ ሽታና እድፍ ይዞ ነው።

ምን ዓይነት እርሳስ ልግዛ? ውድ የሆነው የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ባለ 12 ወይም ባለ 24 ከለር ለመጀመር ይበቃል። ዋናው ሳትገዙ መሞከር ነው። ባለሱቁን ፍቀድልኝ በሉና አንዷን እርሳስ ወረቀት ላይ ሳብ አድርጉ። ስትጫኑ ብቻ የምትጽፍና ወረቀት የምትቧጥጥ ከሆነች ተዉት። በትንሽ ግፊት ቀለም የምትሰጥ ከሆነች ውሰዱ።

የባለቀለም እርሳስ ውስጡ በሰም ወይም በዘይት የተያዘ ቀለም ነው። ሰም የበዛበት ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይሸፍናል። ግን አጥብቃችሁ ከቀባችሁ ከቀናት በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ስትጠርጉት ይለቃል። በዘይት የተያዘው ጠንከር ይላል፣ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቆያል፣ ለደቃቃ ቅርፊት እሱ ይመቻል።

ትልቁ ምክሬ ግን እጅ ላይ ነው። አትጫኑ። ስስ አድርጋችሁ አንድ ዙር ቀቡ፣ ከዚያ ሌላ ዙር፣ ከዚያ ሌላ። ልክ እንደ ቡናው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ቀለሙ የሚያምረው። መጀመሪያውኑ ከተጫናችሁት ወረቀቱ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይቀበልም።

ማርከር ተጠንቀቁ። እኔ ቸኩዬ አንድ ሰማይ በማርከር ሞላሁ። ገጹን ስገልጥ ከጀርባው ያለችው ንግሥት ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጥቷል። እስካሁን ያንን ገጽ ስገልጥ ይቆጨኛል። መጠቀም ካለባችሁ መጀመሪያ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ሞክሩ፤ ከሥርም ወፍራም ወረቀት አድርጉ።

እርሳሴ ስቀርጸው ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። ለምን?

ወድቆ ይሆናል። እርሳስ ሲወድቅ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ቦታ ይሰነጠቃል። ሌላው ምክንያት የደነዘ መቅረጫ ነው። አዲስ የብረት መቅረጫ ግዙ። ወይም እንደ ድሮው በምላጭ ቅረጹት።

ጥቁር ካባ ስቀባ ጥላሸት የተደፋበት ይመስላል። እንዴት ላድርገው?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። በታሪኩ ውስጥ የሰሜኑን ግንብ የሚጠብቁት ወንዶች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ነው የሚለብሱት። ስለዚህ መጽሐፉን የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከጥቁር ካባ ጋር መፋጠጡ አይቀርም።

እኔ መልሱን ያገኘሁት በርኖስ ላይ ነው። አያቴ የለበሱት አሮጌ በርኖስ ቤት ውስጥ አለ። ጥቁር ነው እንላለን። አንድ ቀን መስኮት አጠገብ አምጥቼ ዘረጋሁት። ትከሻው ላይ ፀሐይ በልቶት ቡናማ ሆኗል። እጥፋቱ ውስጥ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ጠርዙ፣ እጅ የሚነካው ቦታ፣ ያብረቀርቃል። እውነተኛው ጥቁር ያለው አንገት ሥር አንዲት ጥግ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ በጥቁር እርሳስ አትጀምሩ። መጀመሪያ ካባውን በሙሉ በስሱ ጥቁር ሰማያዊ ቀቡት። ብርሃን የሚያርፍበት ትከሻ ላይ ቡናማ ደርቡ። እጥፋቶቹን እንደገና በሰማያዊ አጥብቁ። ጥቁሩን እርሳስ መጨረሻ ላይ አንሡ፤ እሱንም እጥፋቱ የሚጀምርበት ሥር ላይ ብቻ። ፀጉሩን ወይም የአንገቱን ለምድ ሳትነኩ ተዉት፤ የወረቀቱ ነጭነት ራሱ ይሠራላችኋል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላችሁ እዩት። ካባው ክብደት ይኖረዋል።

በዚሁ መንገድ ግራጫም ይወጣል። ባለ 12 ፓኬት ውስጥ ብዙ ጊዜ ግራጫ የለም። ተኩላ ለመቀባት ሰማያዊና ቡናማ ደራርቡ። ሰማያዊ ከበዛ ቀዝቃዛ ግራጫ፣ ቡናማ ከበዛ ሞቅ ያለ ግራጫ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲለብስ ሁለቱንም ግራጫ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። መስኮት መክፈት ብቻ ነው።

ቀለሙ ከታሪኩ ጋር የግድ መግጠም አለበት?

በሁለት መንገድ ይቀባል። አንዳንዱ ሰው በታሪኩ ሕግ መሄድ ይወዳል። ለእነሱ የታሪኩን ዋና ዋና የመኳንንት ቤተሰቦች አርማ ልንገራችሁ። የስታርክ ቤት አርማ በነጭ ላይ ግራጫ ተኩላ ነው። የላኒስተር በደማቅ ቀይ ላይ ወርቃማ አንበሳ። የባራቲዮን በወርቃማ ላይ ዘውድ የደፋ ጥቁር አጋዘን። የታርጋሪየን በጥቁር ላይ ባለ ሦስት ራስ ቀይ ድራጎን። የታርጋሪየኗ ንግሥት የዴነሪስ ሦስት ድራጎኖችም የየራሳቸው ቀለም አላቸው፦ ድሮጎን ጥቁር ሆኖ ቀይ አለበት፣ ሬጋል አረንጓዴና ነሐስ፣ ቪሴሪዮን ክሬምና ወርቅ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ድራማውን ብቻ ያየ ሰው አያውቀውም። በልብ ወለዱ የታርጋሪየኖች ዓይን ወይን ጠጅ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ይሄ ቀርቷል። ቀለም የሚቀባ ሰው ግን ሊመልሰው ይችላል። ዓይኗን ወይን ጠጅ ያደረግሁ ቀን ንግሥቲቱ ሌላ ሰው ሆነችብኝ።

ሁለተኛው መንገድ የራስ ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ግንብ ሲመጣ የአምባሰልን ገደል ነው የማስበው፤ ጀምበር ስትጠልቅ የሚይዘውን ብርቱካንማና ሐምራዊ። ከኮምቦልቻ የሚመጣው ልጅ የጦር ሰፈር ድንኳኖችን በሙሉ በወሎ ሽርጥ ቀለም ሠራቸው። የግብዣ አዳራሽ ስቀባ አይጠየፍ ትዝ አለኝ፤ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ፣ ስሙ ራሱ ማንንም የማይንቅ። ስለዚህ ከጌቶቹ ይልቅ በር ላይ የቆሙትን አሽከሮች ደማቅ ልብስ አለበስኳቸው። ያንን ገጽ ያየ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው በሩ ላይ ነው። መስመሩ የሠዓሊው ነው። ቀለሙን ግን ማንም አልወሰነባችሁም።

ክረምት ላይ ወረቀቱ ይላላብኛል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ግን እንዲህ አይገጥማትም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያብጥ እርሳሱ ይንሸራተታል ወይም ወረቀቱን ይፍቀዋል። መጽሐፉን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ከግድግዳ ራቅ አድርጉ። ከመቀባታችሁ በፊት ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። መስኮቱን ግን ክፈቱ፣ የከሰል ጢስ አደገኛ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ ሰም ያለበትን እርሳስ ያለሰልሳል፤ የእጅ ላብም ገጹን ያቆሽሻል። ከእጃችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉና ከላይ ወደ ታች፣ ግራኝ ካልሆናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሥሩ።

መብራት ሲጠፋ በሻማ ወይም በስልክ መብራት መቀባት ይቻላል?

መቀባት ይቻላል፣ ቀለም መምረጥ ግን አይቻልም። በሻማ ብርሃን ፈዛዛ ቢጫና ነጭ ወረቀት አንድ ይመስላሉ። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁርም አይለዩም። ጠዋት ስትነሡ ያልጠበቃችሁት ነገር ታያላችሁ። ቀለሙን በቀን መርጣችሁ እርሳሶቹን ለብቻ አስቀምጡ። ማታ የተመረጠውን መሙላት ብቻ ይሁን።

በሃይማኖት በኩል ችግር የለውም? ድራጎን አለ፣ አስማት አለ።

እኛ ጠረጴዛ ላይ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ይሄን ጥያቄ በቁም ነገር ተነጋግረንበታል። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ማንም እንዲያምንበት አልተጻፈም። ዘንዶም ቢሆን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር ስናየው ያደግነው ነው። ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል የሚከብዳት አንዲት ጓደኛችን ደግሞ ግንቦችን፣ መርከቦችን፣ ዛፎችን ብቻ ትቀባለች። ሌላውን ገጽ ትዘላለች። ማንም አንድ ቃል አይናገራትም። ልባችሁ ካልረጋ የምታምኑትን የሃይማኖት አባት ጠይቁና እሱ ያላችሁን አድርጉ።

ለልጄ ልስጣት?

ይሄንን መጽሐፍ አይ። ታሪኩ የአዋቂ ነው፤ ጦርነትና ደም አለበት። የእንስሳና የአበባ መጽሐፍ ስጧትና አጠገባችሁ ትቀመጥ።

መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ አድርጌ መቀባት እችላለሁ?

የገዛችሁት ከሆነ አንድ ገጽ ለመለማመጃ ማባዛት ምንም አይደለም ባይ ነኝ። ሙሉውን አባዝቶ መሸጥ ግን የሠዓሊዎቹን እንጀራ መንካት ነው፤ እባካችሁ እሱን አታድርጉት። ኮፒ ስታደርጉ ከተራው 80 ግራም ወረቀት ይልቅ ወፈር ያለ ካለ ጠይቁ፤ 160 ግራም ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው። መስመሩ በሌዘር ማሽን የወጣ ይሁን። በቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የወጣው እርጥብ እጅ ሲነካው ይቀባባል።

ከመስመር ከወጣሁስ?

አብሽሩ። ላጲስ ባለቀለም እርሳስን ሙሉ በሙሉ አያነሣም፤ ስታሹት ይባስ ይሰፋል። ለስለስ ያለ ላጲስ ላዩ ላይ ጫን፣ ነቀል እያደረጋችሁ ቀለሙን አቅልሉት። ከዚያ የወጣውን ወደ ጥላ ቀይሩት። ከድራጎን ክንፍ የወጣች ቀይ መስመር፣ ዙሪያዋን ትንሽ ብርቱካንማ ስትጨምሩባት እሳት ትሆናለች።

እርሳሱ አጥሮ ለእጅ አልመች ሲል ይጣላል?

አይጣልም። ቀለም የጨረሰ እስክሪቢቶ ውሰዱ፣ ውስጡን አውጡ፣ ቀፎውን አስቀሩ። ቁራጩን እርሳስ ከኋላው ትንሽ ወረቀት ጠቅልሉበትና ቀፎው ውስጥ አጥብቃችሁ ክተቱት። የእኔ ቡናማ አሁን የአውራ ጣቴን ግማሽ ያህላል። ገና ሁለት ካባ ይቀባል።